በሳተላይት የታየው ጥቁር ነጥብና ከጨነቅ የሚነሳ የአንድ ቀን ጉዞ

ጥያቄው፦ «አራት ጓደኛሞች ነን፣ የምንኖረው ጎንደር ነው። ሰሜን ተራሮች ጨነቅ ካምፕ አድረን በማግስቱ ከተለመደው የእግር መንገድ ወጥተን፣ በሳተላይት ካርታ ላይ ከቧሂት ተራራ ትከሻ ሥር ያየነው ጥቁር ሐይቅ ደርሰን በዚያው ቀን መመለስ አስበናል። በአየር መስመር 5 ኪሎ ሜትር ይላል። ስንት ሰዓት ይፈጃል? ምን እንያዝ? ስካውትስ የግድ ነው ወይ?»

ከመጨረሻው ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። አዎ፣ የግድ ነው። በፓርኩ ውስጥ ስካውት (የፓርኩን የታጠቀ ጠባቂ) ሳይዙ በእግር መንቀሳቀስ አይፈቀድም። ምዝገባውም ክፍያውም ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያልቃል። ከመንገድ ልትወጡ ማሰባችሁን እዚያው ካርታውን አውጥታችሁ ተናገሩ። ጨነቅ ከደረሳችሁ በኋላ «ትንሽ ወደዚህ እንበል» ማለት ስካውቱን ከአለቆቹ ጋር ማጋጨት ነው። ለዋልያው ወይም ለቀይ ቀበሮው ሲባል የማይገባበት ቦታ ካለም የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ደግሞ ከጎንደር ሳትነሱ በስልክ አጣሩ፤ ያለፈው ወር ወሬ ለዚህ ሳምንት አይሆንም።

አሁን ወደ ሐይቁ። ያያችሁት ነገር ሐይቅ መሆኑን በጣም እጠራጠራለሁ። በአገራችን ደጋ «የተራራ ሐይቅ» ሲባል ጥሩው ምሳሌ ባሌ ውስጥ በ3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛው ጋርባ ጉራቻ ነው፤ ጥንት የበረዶ ግግር ጠርቦ የተወው ጎድጓዳ ነው። በሰሜን ተራሮችም በበረዶ ዘመን ግግር ነበረ፤ ቧሂትና ራስ ደጀን አካባቢ ምልክቱ አለ። ከላይ የምታገኙት ውሃ ግን በአብዛኛው ከክረምት ተርፎ በሜዳማው ላይ የሚቆይ ኩሬና ረግረግ ነው።

ታዲያ ጥቁሩ ነጥብ ምንድን ነው? ምናልባት ጥላ። የሰሜን ተራሮች ትልቁ ገደል ፊቱን ወደ ሰሜን የሰጠ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ በኩል ትውላለች፤ ሰማዩ ጠርቶ ጥሩ ፎቶ የሚገኘውም በእነዚሁ ወራት ነው። ሳተላይቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚያልፉ የገደሉ ጥላ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተጋድሞ፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ፣ ልክ ውሃ መስሎ ይነሳል። የተቃጠለ የአስታ ቁጥቋጦም ከላይ ሲታይ እንዲሁ ይጠቁራል።

ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ መለየት ትችላላችሁ። ጉግል ኧርዝን በኮምፒውተር ክፈቱና የድሮ ፎቶዎችን የሚያሳየውን የሰዓት ምልክት ተጫኑ። ያንኑ ቦታ በጥቅምትና በግንቦት አወዳድሩ። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ፀሐይ በእኛ ኬክሮስ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጥላው ያጥራል። በጥቅምት ጥቁር የነበረው በግንቦት ሣርና ድንጋይ ሆኖ ከታየ ጥላ ነበር። በጥቅምት ጥቁር፣ በግንቦት ደግሞ ገርጣ ያለ፣ ሣር ያልበቀለበት ጠፍጣፋ ሜዳ ከሆነ የወቅት ኩሬ ነው፤ ውሃው ደርቆ ጭቃው ተሰነጣጥቋል ማለት ነው። ቅርጹም ቀለሙም በሁለቱም ወር ሳይለወጥ ከቀረ እውነትም ውሃ ሊሆን ይችላል። ነፃ የሆኑት የሴንቲኔል 2 (የአውሮፓ ሳተላይት) ፎቶዎች በየጥቂት ቀኑ ስለሚወጡ ለዚህ ሥራ ይመቻሉ፤ አንዱ ነጥብ 10 ሜትር ስለሆነ ግን 30 ሜትር ስፋት ያለው ኩሬ በወርዱ ሦስት ነጥብ ብቻ ሆኖ ነው የሚታያችሁ። ቦታው ከገደሉ በታች ወይም በተዳፋት ላይ ከወደቀ ግን ብዙ አትድከሙ፤ ውሃ ተዳፋት ላይ አይቆምም።

ኩሬ ሆኖ ከተገኘ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ሂዱ። ዝናቡ ቆሟል፣ ውሃው ገና አልጎደለም። በመስከረም መሬቱ ያዳልጣል፣ ጉሙም ቀኑን ሙሉ ላይለቅ ይችላል። ከጥር ወዲያ ሰማዩ ይጠራል፣ የምታገኙት ግን ጭቃ ይሆናል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ጿሚ ከሆናችሁ ከዚያ በፊት ያለውን ቀን ምረጡ። በባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት 4,000 ሜትር ላይ መውጣት ከከፍታው ሕመም ጋር ሲደመር መጥፎ ነው፤ ራስ ምታቱ ከረሃብ ይሁን ከከፍታ መለየት ያቅታችኋል።

ሰዓቱን እናስላ። «5 ኪሎ ሜትር» የምትለዋን ቁጥር እርሷት። ከመንገድ ውጪ ገደሉን ስትዞሩ፣ ፈፋውን ስትሻገሩ 5ቱ 7 ይሆናል። በደህና መንገድ የሚሠራው የተራራ ስሌት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ይይዛል። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ቧሂት ትከሻ እስከ 800 ሜትር ብትወጡ 7 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ዳገቱ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ በድምሩ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። መንገድ ስለሌለና አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ተኩል አባዙት፤ አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይመጣል። ጓሳ በበዛበት ደግሞ ይብሳል፤ ጉብጉቡ መካከል የአይጥ ጉድጓድ ስለሚደበቅ እያንዳንዱን እርምጃ እያዩ ነው የሚራመዱት። መመለሻውን «ቁልቁለት ነው» ብላችሁ በግማሽ አትቁጠሩት፤ ሦስት ሰዓት ስጡት፣ ለእረፍትም አንድ ሰዓት። በድምሩ ከስምንት ሰዓት በላይ ይሆናል።

በኅዳር ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥታ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላም ብርሃኑ ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከካምፕ ውጡ፤ 5 ሰዓት ተኩል ሲል የትም ሁኑ የት፣ ኩሬው ሁለት መቶ ሜትር ቢቀረውም ተመለሱ። ይህን ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት አራታችሁም ለስካውቱ ንገሩት። ስካውቶች እንግዳን ላለማስከፋት ሲሉ «ይቻላል» ይላሉ፤ ሰዓቱን ቀድሞ ካወቀ ግን «ጊዜው ደርሷል» ለማለት አያፍርም።

ከሁሉም በላይ ማወቅ ያለባችሁ የመሬቱን አሠራር ነው። ሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደ እንጀራ የተነባበረበት ነው። ጠንካራው ንብርብር ገደል ሆኖ ይቆማል፤ ለስላሳው እየተሸረሸረ እርከን ይሆናል። ከላይ ስትመለከቱ የምታዩት እርከኖቹን ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ሜዳ፣ ከዚያ ሌላ አረንጓዴ ሜዳ፣ ከዚያ ሌላ። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ከላይ ለሚያይ አይን አይታይም። ከታች ሆኖ ለሚያይ ደግሞ ገደሉ ብቻ ነው የሚታየው፣ ሜዳው ይሰወራል። በዚህ ተራራ ሰው የሚቸገረው ሲወርድ ነው፤ «ያ ሜዳ ቅርብ ነው፣ በአቋራጭ እንውረድ» ሲል።

ካርታውም አያድናችሁም። በየ20 ሜትር ከፍታው አንድ መስመር የሚሰመርበት ካርታ ላይ 15 ሜትር ገደል በሁለት መስመሮች መካከል ምንም ሳያሳይ ያልፋል። የስልክ ካርታዎች መስመር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በየ30 ሜትሩ ወይም ከዚያ በሰፋ ርቀት ከተለካ የከፍታ መረጃ ስለሆነ ቀጥ ያለውን ገደል አለስልሶ ዳገት ያስመስለዋል። ስልኩ ላይ መስመሮቹ ከተጠጋጉ «ገደል አለ» በሉ፤ ራቅ ራቅ ካሉም «ገደል የለም» አትበሉ።

ከዚህ የሚወጣው አሠራር ቀላል ነው፦ በሸንተረር ውጡ፣ በዚያው በወጣችሁበት ውረዱ። ፈፋ ውስጥ አትግቡ። ፈፋ ሲጀምር ለስላሳ ነው፣ ነፋስ የለበትም፣ እግር ይጋብዛል፤ ውሃው ግን እርከኑን ሲጨርስ ፏፏቴ ሆኖ ይዘላል፣ እናንተም ከፏፏቴው አናት ላይ ትቆማላችሁ። ሌሊት ውርጭ ድንጋዩን ስለሚሰነጥቀው ጠዋት ፀሐይ ሲነካው መውደቅ ይጀምራል፤ የወደቀው ሁሉ የሚወርደው በፈፋው ነው። ልቅ ድንጋይ ያለበትን ተዳፋት መሻገር ግድ ከሆነ አንዱ ከሌላው በላይ ሆኖ አይሂድ፤ ጎን ለጎን ወይም አንድ በአንድ ተሻገሩ። ድንጋይ ካመለጣችሁ ወዲያው «ድንጋይ!» ብላችሁ ጩኹ። ጅብራ ደግሞ ግንዱ ወፍራም ስለሆነ ያታልላል፤ ውስጡ ስስ ነው፣ ይዛችሁት ብትንጠለጠሉ ከነሥሩ ይመጣል።

አንዳንዶች 20 ሜትር ገመድ ይዘው ይመጣሉ። ማሰሪያውን፣ መቆሚያውን፣ መውረጃ ዕቃውን የማያውቅ ሰው እጅ ላይ ገመድ ድፍረት ብቻ ነው የሚጨምረው። ተዉት። በእጅ መያዝ የሚያስፈልግበት ቦታ ከደረሳችሁ መስመሩ ስቷል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ተመለሱ።

በየ20 ደቂቃው ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን እዩ፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። ስትመለሱ የምታዩት ተራራ ስትሄዱ ያያችሁት አይመስልም። ካርታውን ኢንተርኔት ሳያስፈልግ እንዲከፈት፣ ለምሳሌ ኦስማንድ በሚባለው የካርታ መተግበሪያ፣ ጎንደር ሳላችሁ አውርዱ። ስልኩን በረራ ሁነታ (ኤርፕሌን ሞድ) ላይ አድርጋችሁ የሄዳችሁበትን መስመር እንዲመዘግብ አድርጉ፤ ብርድ ባትሪ ስለሚገድል ደረት ኪስ ውስጥ ይሁን። ሁለተኛ ስልክ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ኮምፓስ ካላችሁ ድንጋይ ላይ አስቀምጣችሁ አታንብቡ፤ ባሳልት ብረት ስላለበት፣ በተለይ መብረቅ በመታው አናት ላይ፣ መርፌውን ያስታል። ከጨነቅ ወደ ቧሂት በር የሚወጣው የመኪና መንገድ መስመራችሁን በየት በኩል እንደሚያዋስነው ቀድማችሁ አጥኑ። ብትሳሳቱ የምታመሩት ወደ መንገዱ ነው፣ በምንም ዓይነት ወደ ገደሉ ጠርዝ አይደለም።

ጉሙ የራሱ ሰዓት አለው። ከሰሜን ያለው ቆላ ረፋድ ላይ ሲሞቅ አየሩ ገደሉን ተከትሎ ይወጣል፤ ከላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ጠዋት ጥርት ያለው ጠርዝ ከቀትር በኋላ አሥር ሜትር የማይታይበት ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ወደ ጠርዝ የሚጠጋ የመስመራችሁ ክፍል ካለ በጠዋት እለፉት። ጉም ከያዛችሁ ቁሙ፣ ተሰብሰቡ፣ ልብስ ደርቡ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ አንዳንዴ ይከፈታል። ካልተከፈተ በስልኩ በተመዘገበው መስመር ብቻ ተመለሱ። ከታች ወደ ላይ ፊታችሁን የሚመታ ነፋስ ከተሰማችሁ ጠርዙ ቅርብ ነው። ቁራ ከእግራችሁ በታች ሲጮህ ከሰማችሁማ ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

ከፍታው። ጎንደር 2,100 ሜትር ላይ መኖራችሁ ጥቂት ይጠቅማል፣ አይበቃም። በአንድ ቀን ጨነቅ ወጥቶ ማደር 1,500 ሜትር መዝለል ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የሚመከረው ማደሪያን በየሌሊቱ ከ500 ሜትር ባልበለጠ ማሳደግ ነው። እንደኔ ከሆነ አንድ ሌሊት ደባርቅ (2,850 ሜትር ገደማ)፣ አንድ ሌሊት ሳንቃበር (3,250 ሜትር)፣ ከዚያ ጨነቅ እደሩ። ጊዜ ካጠራችሁ ደባርቁን ዝለሉ እንጂ ሳንቃበርን አትዝለሉ። በመኪና በሩ ድረስ ወጥቶ ከ4,200 ሜትር መጀመርም ያጓጓል፤ ጉልበት ያተርፋል፣ ሰውነት ግን አልተዘጋጀም።

ራስ ምታት ብቻ ከሆነ አርፋችሁ፣ ጠጥታችሁ እዩት፤ እየባሰ ከሄደ ወይም ማቅለሽለሽ ከተጨመረ ወደ ላይ መሄድ ቆመ። የታመመውን ሰው በቀጥታ መስመር ላይ ተረከዝን ከጣት እያስነኩ አሥር እርምጃ አስሄዱት፤ ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወዲያውኑ ይውረድ። አይጠበቅም፣ አይተኛም። አሴታዞላሚድ የሚባለውን መከላከያ የምትፈልጉ ጎንደር ሳላችሁ ሐኪም ጠይቁ፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ለመያዝ፦ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ቀድሞ የተለመደ ጫማ፤ የሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሹራብ፤ ነፋስና ዝናብ የሚከለክል ካፖርት፤ ጓንትና ኮፍያ፤ የፀሐይ መነጽርና ቅባት፤ ለእያንዳንዱ የራስ ባትሪ መብራት፤ ፊሽካ፤ አራት ሰው የሚሸፍን ላስቲክ። ጂንስ አትልበሱ። ጋቢን በተመለከተ አትቆጡኝ፦ ለካምፑ ምሽት ከጋቢ የሚበልጥ የለም፣ ለጉዞው ግን ጥጥ ነው፤ ከራሰ ይከብዳል፣ አይደርቅም፣ ሙቀት ያወጣል። የገበያው የብረት ምርኩዝ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ እስከ ብብት የሚደርስ ዱላ ለጓሳው ይሻላል፣ ለውሻም ይሆናል።

ምግብ ላይ አትራቀቁ። ለአንድ ሰው 200 ግራም በሶ ወይም ጭኮ፣ ሁለት እፍኝ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ትንሽ ስኳር፤ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይበላል። ለስካውቱም ጨምሩ፣ «ይዟል» ብላችሁ አትገምቱ። ውሃ በሰው 3 ሊትር። ከኩሬው አትጠጡ፤ ከብትና ጭላዳ የሚጠጣበት ነው። ካለቀባችሁ ከሚፈስ ምንጭ ቅዱና በማከሚያ አክሙት፤ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ በማሸጊያው ከተጻፈው ጊዜ እጥፍ ጠብቁ። ካምፕ ላይ ካፈላችሁት ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ፤ እዚያ ከፍታ ውሃ ከ90 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው። ለተቅማጥ ወይም ለድካም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አፉ ልክ።

የእረኛ ውሻ ብዙ ሰው የማይዘጋጅበት አደጋ ነው። አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ዱላውን ዝቅ አድርጋችሁ ከፊታችሁ ያዙ፣ እረኛውን ጥሩ፤ ስካውቱ ይናገርላችሁ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ጉዞው አለቀ፣ ለእብድ ውሻ ክትባት በዚያው ቀን ውረዱ። የራሳችሁን ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፤ በሰሜን ተራሮች የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች መቶ አይሞሉም፣ ከሚያሰጋቸው ነገር አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ዋልያ ከገደል ጫፍ ላይ ካያችሁ ከላይ አትቅረቡት፤ መሸሻ የለውም።

አራት ሰውና ስካውት ጥሩ ቁጥር ነው። እግር ቢሰበር ሁለቱ ለእርዳታ ይሂዱ፣ አንዱና ስካውቱ ከተጎዳው ጋር ይቅሩ፤ ብቻውን የሚላክ ሰው አይኑር። የሚያወርዳችሁ ሄሊኮፕተር አይመጣም፤ የሚመጣው በቅሎ ነው፣ ከዚያ መኪና፣ ከዚያ ደባርቅ ሆስፒታል። ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ካምፑ ላይ ለሚጠብቃችሁ ሾፌር ወረቀት ትታችሁ ሂዱ፦ የምትወጡበት ሸንተረር፣ የሰዎቹ ስም፣ የስካውቱ ስም፣ የመመለሻ ሰዓት 10፣ ካልመጣችሁ ለካምፑ ጠባቂዎች የሚነግርበት ሰዓት 11።